ለግማሽ በሽታ ግማሽ ክኒን

ያን ቀን መድኃኒት ቤት የገባሁት ለእናቴ የዓይን ጠብታ ልገዛ ነበር። ከፊቴ የቆሙትን ሰው ከጀርባቸው አወቅኋቸው። ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ዝቅ ይላል፤ ዕድሜ ልካቸውን ጠረጴዛ ላይ አቀርቅረው ስለሠሩ ነው። በሰፈሩ «ጋሽ ሚዛን» ይባላሉ። ሥጋ ሻጩ፣ የእህል ነጋዴውና ወርቅ ሠሪው ሚዛናቸው ሲዛባ የሚሮጡት ወደ እሳቸው ነው። ሁለት ነጋዴዎች በክብደት ቢጣሉ እንኳ «ጋሽ ሚዛን ጋ እንሂድ» ይባባላሉ እንጂ ሌላ ዳኛ አይፈልጉም።

ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብለው ከፋርማሲስቷ ጋር በሹክሹክታ ይነጋገሩ ነበር። እሳቸው የሚሉት አልተሰማኝም። የእሷ መልስ ግን ተሰማኝ። ያለ ሐኪም ማዘዣ ይህን መድኃኒት መስጠት እንደማትችል፣ ቢቆጧትም ቢለምኗትም መልሷ ያው መሆኑን በትሕትና ነገረቻቸው። ዞር ሲሉ ከእኔ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን።

«ራሴን አሞኝ ነው» አሉኝ፤ እኔ ምንም ሳልጠይቃቸው።

ያልተጠየቀውን የሚመልስ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው። ያም ሆኖ ትልቅን ሰው በሰው ፊት ማፋጠጥ ደግ አይደለምና ጠብታዬን ገዝቼ አብሬያቸው ወጣሁ። መንገዳችን አንድ ነው፤ እኔና እናቴ የምንኖረው ከሱቃቸው በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነው። ሲጨብጡኝ እጃቸው በላብ ርሶ ነበር። ቀኑ ደግሞ ቀዝቃዛ ነበር።

ኮሌጅ የተማርኩት የኅብረተሰብ ጤና ስለሆነ የሰፈሩ ሰው «ዶክተር» ይለኛል። አይደለሁም ማለቱ ሰልችቶኛል።

«ዶክተር፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ ጥቂት እንደተራመድን።

«ዶክተር አይደለሁም፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ለዚህም ነው አንተን የምጠይቅህ። ዶክተሮቹንማ ጠይቄ ጨርሻለሁ።»

ነገሩን እንደ ቀልድ ጀመሩት። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለጉንፋን ክሊኒክ ሄደው በዚያው ደማቸው በባዶ ሆድ ተመርምሮ ነበር። እዚያ «የጾም ስኳርዎ ከፍ ብሏል» አሏቸው። ደንግጠው ሌላ ክሊኒክ ሄዱ። ቁጥሩ ያው ሆነ፤ የተቀበላቸው ሐኪም ግን «ይህ ደህና ነው፣ በሰላም ይግቡ» ብሎ ሸኛቸው። በሰላም ገቡ፤ ሰላሙ ግን አብሯቸው አልገባም። እንቅልፍ እምቢ ስላላቸው ሦስተኛ ቦታ ሄዱ። በዚያ ደግሞ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ አጠጥተው ሁለት ሰዓት አስቀመጧቸውና «ስኳር የመቻል አቅምዎ ቀንሷል» አሏቸው። በሌላ ምርመራ እዚያው «ቅድመ ስኳር በሽታ» የሚል ስም ተጨመረ። ሲወጡ አንዲት ነርስ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጋ «አይዞዎት አባባ፣ ገና ጠርዙ ላይ ነዎት» አለቻቸው።

«ጠርዝ ላይ የቆመን ሰው ትከሻ ይመታሉ እንዴ?» አሉኝና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ተቋረጠ።

ሱቃቸው ከመንገዱ በሁለት ደረጃ ዝቅ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። በአንድ ወገን የሥጋ ቤት ሚዛኖች ከጣሪያው ላይ ተንጠልጥለዋል። በሌላው ወገን የመጋዘን ሚዛን ሆዱ ተከፍቶ ተጋድሟል። የዘይትና የናስ ሽታ አለ። በመስኮቱ ሥር በመስታወት ሣጥን ውስጥ የወርቅ ሠሪው ሚዛን ተቀምጧል፤ ሳህኖቹ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጡም። በዚህች ሱቅ አንድ ሕግ አለ፤ የሚዛኑ መርፌ እየተወዛወዘ ሳለ ማንም አይናገርም። ትንፋሽ እንኳ ያንቀሳቅሰዋል ይላሉ። እኔ ግን ከጊዜ ብዛት አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። ጋሽ ሚዛን መመለስ የማይፈልጉት ጥያቄ ሲመጣባቸው ሚዛኑ ላይ አንዲት የናስ መመዘኛ ፍሬ ጣል ያደርጋሉ፤ መርፌው ይወዛወዛል፤ ጠያቂው አፉን ይይዛል።

እንደተቀመጡ ክርክራቸውን አቀረቡ።

«አንድ ጆንያ ሦስት ሚዛን ላይ ወጥቶ በሦስቱም ሌላ ሌላ ነገር ከተነገረው እኔ ጆንያውን አልጠረጥርም። የምጠረጥረው ሚዛኖቹን ነው። ሦስቱንም አውርጄ እፈታቸዋለሁ። እንዲህ ነው የኖርኩት።»

አነጋገራቸው ከባዶ ሜዳ የተነሳ አልነበረም። በሙያቸው ይህ እውነት ነው። እኔም አልናቅሁትም። ይልቅስ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፤ ሦስቱ ሚዛኖች የመዘኑት በእርግጥ አንድ ነገር ነው ወይ?

ከዚያ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። የመጀመሪያው ክሊኒክ ያየው ሰውነት ሌሊቱን ሳይበላ አድሮ ጠዋት በደም ውስጥ ምን ያህል ስኳር እንደሚገኝ ነው። ስኳር ውሃ ያጠጧቸው ያዩት ሌላ ነው፤ ጭነት ሲጫንበት ሰውነት በሁለት ሰዓት ውስጥ ምን ያህሉን ማራገፍ እንደሚችል ነው የለኩት። የመጨረሻው ምርመራ ደግሞ የዛሬን አይጠይቅም፤ ያለፉት ሁለትና ሦስት ወራት ስኳር በደሙ ላይ የተወውን አሻራ ነው የሚያየው። አንዱ የጆንያውን ክብደት፣ አንዱ ተሸካሚው ጆንያውን ይዞ እንዴት እንደሚራመድ፣ አንዱ ደግሞ ጫማው ምን ያህል እንዳለቀ እንደማየት ነው። ስሙም የሚለያየው በየትኛው የምርመራ በር እንደገቡ ተከትሎ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ለተገኘው «የጾም ስኳር ከፍ ማለት» ይሉታል፤ ስኳር ከተጠጣ በኋላ ለተገኘው «ስኳር የመቻል አቅም መቀነስ»። «ቅድመ ስኳር በሽታ» ሁሉንም የሚሰበስብ ስም ነው። «ጠርዝ ላይ» የሚለው የድሮ አነጋገር ነው፤ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች አይመርጡትም።

ሚዛኑ ላይ አንዲት ፍሬ ጣል አደረጉ። መርፌው እስኪቆም ዝም አልኩ።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ፤ «አንዱንና ያንኑ ነገር መዝነው አንዱ ‹ከፍ ብሏል›፣ አንዱ ‹ደህና ነህ› ያሉኝስ? እዚህ ጋ ምን ትላለህ?»

«ቁጥሩ ስንት ነበር?»

«መቶ ስድስት። በሁለቱም።»

«ጋሼ፣ ለወርቅ ሠሪው ሚዛን የማይፈቀድ ስህተት ለእህል ነጋዴው ሚዛን ይፈቀዳል?»

«ይህማ የታወቀ ነው።»

«ማን ነው የወሰነው?»

«ሕግ ነዋ። ሰው ተሰብስቦ የወሰነው።»

«እዚህም እንደዚያው ነው። አንዳንዶቹ ባለሙያዎች የጥንቃቄውን መስመር ከመቶ ጀምረው ያሰምራሉ፤ ሌሎቹ ከመቶ አሥር። የእርስዎ ቁጥር በመካከል ወደቀ። አንዱ መስመር ጋ አልፏል፣ ሌላው ጋ አላለፈም። ደምዎ አልተለወጠም፤ ሁለቱም ሐኪሞች አልዋሹም። ጥፋት ካለ፣ የትኛውን መስመር ይዘው እንደሚናገሩ ሳይነግሩዎት መሸኘታቸው ነው።»

ይህን ስል ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። እውነቱን ለመናገር ቅሬታቸው ተገቢ ነው። እኛ የጤና ሰዎች ስም ወርውረን ሰውን ወደ ቤቱ እንልካለን፤ ስሙ በሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ሲያድር ምን እንደሚሆን አንከተልም።

«ስለዚህ በአንተ አባባል ታምሜያለሁ» አሉ።

የስኳር በሽታ ነው እንዳላልኩ፣ ሙሉ ጤና ነው ማለትም እንደማልችል ነገርኳቸው።

«ግማሽ ነው በለኛ።»

ቃሉን ላርመው አፌን ስከፍት መርፌዋን ነኩና ዝም አሰኙኝ። ያን ጊዜ ያቺ «ግማሽ» የምትል ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ አላወቅሁም ነበር።

ከዚያ በዚያች ሱቅ አይቼው የማላውቅ ነገር ሆነ። መርፌው ገና እየተወዛወዘ ጋሽ ሚዛን ራሳቸው ተናገሩ።

የተናገሩት ስለ ሟቹ ታላቅ ወንድማቸው ነበር። ጋሽ ሚዛንን ሙያውን ያስተማሯቸው እኚሁ ወንድማቸው ናቸው። ስኳር በሽታ መጀመሪያ የእግር ጣታቸውን፣ ቀጥሎ እግራቸውን ወሰደ። ታላቅየው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ተኝተው ሳሉ ጋሽ ሚዛን በየጠዋቱ ቁስላቸውን ያጥቡላቸው ነበር። ወንድማቸው በመጨረሻ ዓይናቸው ሲጠፋ የናስ ፍሬዎቹን በመዳፋቸው እየመዘኑ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይናገሩ ነበር። አንድም ጊዜ አልሳቱም አሉ። ከዚያ እጃቸውም ደነዘዘና መሳት ጀመሩ።

«ሲስት ያየሁ ዕለት ነው የሞተው፤ የተቀበረው በኋላ ነው» አሉ። «እኔ እጄ ከሄደ ምን ይቀረኛል? ይኸውልህ፣ ተመልከት። ጀምሮኛል።»

እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጡ ነበር። ሚዛን የሚያስተካክል እጅ፣ የሰፈሩ ነጋዴ ሁሉ የሚተማመንበት እጅ ነው።

ፈራሁ። የፈራሁት ግን እሳቸው የፈሩትን አይደለም። በዚህ ደረጃ ያለ ስኳር እጅ እንደማያንቀጠቅጥ አውቃለሁ። ብዙው ሰው እንዲያውም ምንም ስሜት ሳይኖረው ነው የሚኖረው፤ ካልተመረመረ አያውቀውም። ታዲያ ይህ ከየት መጣ? መቼ እንደጀመራቸው ጠየቅሁ። ሰሞኑን፣ ከሦስተኛው ክሊኒክ በኋላ ነው አሉኝ። ሁልጊዜ ረፋድ ላይ ነው።

በዚህ መካከል ባለቤታቸው ከጀርባ በር ገቡ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሜትሩ ከአንገታቸው አይወርድም። ለእኔ ሰላምታ ሰጥተው ወደ ባላቸው ዘወር አሉና ጠዋት ያቀረቡላቸው ቁርስ እንደተከደነ መቀመጡን ተናገሩ። ይህም የዛሬ ብቻ እንዳልሆነ አከሉ።

«ሙሽራ ሊሆን ነው መሰለኝ፣ ልጄ፤ መክሳት አምሮታል» አሉኝ።

ጋሽ ሚዛን ወረንጦ አንስተው አንዲት ትንሽ የናስ ፍሬ ሳህኑ ላይ ሊያስቀምጡ ሞከሩ። ሳቱ። ፍሬዋ ተንከባልላ ወለሉ ላይ ወደቀች። እሳቸው ግን ወደ ወለሉ አላዩም፤ ባዶውን ወረንጦ ያዩ ነበር። ግንባራቸው ላይ ላቡ ችፍ አለ። አንደበታቸው እየከበደ «መብራቱን አብሩት» አሉ። መብራቱ በርቶ ነበር።

«ጋሼ» አልኳቸው፤ «ዛሬ የወሰዱት መድኃኒት አለ?»

«የምን መድኃኒት?» አሉ ባለቤታቸው። «እሱ የራስ ምታት ክኒን እንኳ አይወስድም።»

ጋሽ ሚዛን በግራ እጃቸው የትንንሾቹን ፍሬዎች ሣጥን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ውስጡ ቀይ ጨርቅ የለበሰ ሣጥን ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬ የራሱ ጎድጓዳ ማረፊያ አለው። በመጨረሻዎቹ ማረፊያዎች ውስጥ ግን ናስ አልነበረም። ነጫጭ የክኒን ስባሪዎች ተኝተው ነበር።

«የወንድሜ ነው፤ ሲሞት የተረፈው» አሉ። «ሙሉውን አልወሰድኩም። ግማሽ ግማሹን ነው። ግምት እንዳይሆን በዚህ መዝኜ ነው የከፈልኩት።» በአገጫቸው የወርቁን ሚዛን ጠቆሙኝ። «ግማሽ በሽታ፣ ግማሽ ክኒን።»

አልሳቅሁም። አንባቢም እንዳይስቅ እለምነዋለሁ። ይህ ሰው ሞኝ አልነበረም። «ቅድመ» የሚል ስም ሰጥተው ያለ ማብራሪያ ሸኙት፤ እሱም ስሙን በሚያውቀው መንገድ ተረጎመው። ገና ግማሽ ከሆነ ግማሽ ይበቃል፤ መክፈል ካለብኝ ደግሞ አስተካክዬ ልክፈል አለ። አፉ በሽታውን ሲክድ እጁ አምኖ ነበር። መንገድ ለመንገድ ሦስት ሐኪሞችን ሲተች የሰማሁት ሰው በየጠዋቱ በባዶ ሆዱ የሙት ክኒን ይውጥ ነበር። መድኃኒት ቤት የሄደውም ስባሪዎቹ ሊያልቁበት ስለሆነ ነው።

ባለቤታቸውን ስኳር የበዛበት ውሃ እንዲያመጡልኝ ጠየቅኋቸው። ሮጠው አመጡ። ጋሽ ሚዛን ብርጭቆውን ሲያዩ ጥርሳቸውን ገጠሙ።

«ስኳር? ልትገድለኝ ነው?»

«ጋሼ፣ አሁን እጅዎን የሚያንቀጠቅጠው ስኳር በዝቶ አይደለም፤ አንሶ ነው። ይህ ክኒን የተሠራው ስኳሩ በጣም ለወጣበት ሰው ነው። የእርስዎ ብዙም አልወጣም፤ ያውም ምግብ አልበሉም። ያለችውን አወረደብዎት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ደጋግሜ ብናገርም ቃሎቼ ከዚያ ፊት ላይ እየነጠሩ ይመለሱ ነበር። ካልጠጡ ራሳቸውን ስተው እንደሚወድቁ፣ ራሱን በሳተ ሰው አፍ ደግሞ ምንም እንደማይጨመር አውቃለሁ። የቀረን ጊዜ ጥቂት ነበር።

ባለቤታቸው ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበሉኝ። ድምፃቸውን አላነሱም።

«ወንድምህን ያስታመምነው አብረን ነው። ቁስሉን ስታጥብ ውሃ የያዝኩልህ እኔ ነኝ። እሱን እንዲህ ላብ ሲያጠምቀውና ቃል ሲጠፋው ምን ነበር የምንሰጠው?»

ጋሽ ሚዛን ዓይናቸውን ከብርጭቆው አንስተው አዩአቸው።

«ስኳር ውሃ» አሉ።

«ታዲያ ጠጣ።»

ጠጡ። ግማሹ አገጫቸው ላይ ፈሰሰ፤ ባለቤታቸው በቀሚሳቸው ጫፍ እየጠረጉ የቀረውን አጠጧቸው። ከዚያ ሦስታችንም ያቺን የተዘረጋች እጅ እያየን ተቀመጥን። መርፌ እስኪቆም እንደሚጠበቀው ነበር፤ ማንም አልተነፈሰም። ቀስ በቀስ ጣቶቹ ረጉ። ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ። ዳቦ እንዲበሉ አደረግንና ታክሲ ጠርቼ ወደ ክሊኒክ ወሰድናቸው፤ የዚህ ዓይነቱ ክኒን በሰውነት ውስጥ ብዙ ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላልና።

ሐኪሟ ጥቂት የምትናገር ሴት ናት። እስኪመሽ አስተኝታ እየደጋገመች ለካቻቸው። አደጋው ማለፉን ስታረጋግጥ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። በዚህ ደረጃም አንዳንዴ መድኃኒት የሚታዘዝለት ሰው እንዳለ፣ ግን ዓይነቱ ሌላ እንደሆነና ሐኪም አይቶ እንደሚወስን፣ የሌላ ሰው ክኒን ግን በሙሉም ሆነ በሩብ መርዝ ሊሆን እንደሚችል ነገረቻቸው። ስለ ስሞቹም ጠየቋት። እኔ ያልኩትን አጸናችና አንድ ነገር ጨመረች፤ ሦስቱ ምርመራዎች ሁልጊዜ እንደማይስማሙ፣ በአንዱ ከፍ ብሎ በሌላው ደህና የሚሆን ሰው እንዳለ፣ ምርመራው የሚደገመውም ለዚህ እንደሆነ።

«እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አሉ ጋሽ ሚዛን። «በሽታው ስንት እጁ አለብኝ? ግማሽ ነው? ሲሶ ነው? ቁርጡን ንገሪኝና ልረፍ።»

ሐኪሟ ለመመለስ አመነታች። እኔም ሱቅ ውስጥ ያልተናገርኩትን አሁን ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ሞላው መላላት የጀመረ፣ ግን ያልተበጠሰ ሚዛን ቢያመጡልዎ ግማሽ ሞላ ይቀይሩለታል?»

«ግማሽ ሞላ የሚባል ነገር የለም» አሉ በቁጣ።

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«ባለቤቱን እጠይቀዋለሁ። ምን ስትጭንበት ነበር? እለዋለሁ። ከአቅሙ በላይ ጭኖበት ከሆነ ጭነቱን ቀንስ እለዋለሁ። ዕቃ ሳህኑ ላይ እያሳደርክ አትግባ እለዋለሁ። ጊዜ ካገኘ ብዙው ይመለሳል። ባይመለስም በየጊዜው እያመጣው አየዋለሁ።»

«ለተበጠሰው ሚዛን የሚደረገውን ጥገና ለዚህኛው ቢያደርጉለትስ? ሞረድ አንስተው?»

እጃቸው በልማድ የሚዛን ፍሬ ፍለጋ ወደ ጎን ሄደ። እዚህ ግን የሚወዛወዝ የሚዛን መርፌ የለም፤ የሚሸሸጉበት ነገር አልነበረም።

«አበላሸዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚያወሩ «አበላሽቼውም ነበር» አሉ።

በዚያች ሰዓት ክርክራችን አበቃ ማለት ይቻላል። የቀረው ሂሳብ ከባለቤታቸው ጋር ነበር። ሴትዮዋ እስከዚያ ድረስ ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ስንወጣ በኮሪደሩ ላይ ግን ቆም አሉ።

«የተቀየምኩህ ክኒን ስለዋጥክ አይደለም» አሏቸው። «ብቻህን ስለዋጥክ ነው።»

ጋሽ ሚዛን መጥፎ ዜና ለቤት ሰው አለመንገር መከላከያ ይመስላቸው ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ በሽታን ስሙን ካልጠራሁት ቤቴን አያውቀውም ይላል። ነገር ግን ስሙ ያልተጠራ በሽታ ነው ሰውን በሣጥን ውስጥ ክኒን የሚያስደብቀው። በሚስታቸው ፊት አንድ ቃል ቢናገሩ ኖሮ ያን ስኳር ውሃ ያስታወሱት ሴት ያን ክኒንም ያስጥሏቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ረጅም ነው፤ አስደናቂ ግን አይደለም። አስደናቂ አለመሆኑም ነው መልካምነቱ። ያስተካከሉትን ሚዛን ደንበኛው መጥቶ ይውሰድ ማለት ትተው ቀለል ያለውን ራሳቸው በእግራቸው ያደርሱ ጀመር። ሥጋ ሻጩ ለምስጋና ይጋብዛቸው የነበረውን ለስላሳ «ውሃ ይሁንልኝ» ማለት ለመዱ፤ ሥጋ ሻጩ ለጥቂት ቀናት ተቀይሞ ነበር። የሻይ ስኳራቸው ቀስ በቀስ ቀነሰ። በሳህናቸው ላይ አትክልቱና ምስሩ ሰፊውን ቦታ ሲይዝ ዳቦው ወደ ጥግ ሄደ። ቁርስ አይዘለልም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን፣ ዕድሜ ልኩን ሲመዝን የኖረ ሰው ራሱን መዝኖ አያውቅም ነበር። አንድ ቀን የመጋዘኑ ሚዛን ተጠግኖ እንዳለቀ ላዩ ላይ ወጡና ወደ ታች ተመለከቱ። ከዚያ ሚዛኑን ፈትሸው እንደገና ወጡበት። ሚዛኑ ትክክል ነበር።

«ሚዛኑን ጠርጥሬው ነበር» አሉኝ ሲያጫውቱኝ፤ «ነገሩ ግን ጆንያው ነው።»

ከወራት በኋላ ምርመራው ሲደገም ቁጥሮቹ ወርደው ተገኙ። «ጠፋልኝ?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሟ ጠፋ አላለችም። ራቀ አለቻቸው፤ መልሶ እንዳይጠጋ እንዲህ ይቀጥሉ፣ በዓመት አንድ ጊዜ እየመጡ ይታዩ አለች። ያች «ራቀ» የምትል ቃል ቢያንስ እውነተኛ ናት። እጃቸው ግን ያን ቀን ከተንቀጠቀጠ ወዲህ ዳግም አልተንቀጠቀጠም፤ ክኒኑን ካስወገዱ በኋላ የሚያንቀጠቅጠው ነገር አልነበረምና።

ይህን የምጽፈው ብዙ ጋሽ ሚዛኖች እንዳሉ ስለማውቅ ነው። ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ ሰዎች ሁሉ ወደ ስኳር በሽታ አይሻገሩም። ክብደታቸውን ጥቂት የቀነሱ፣ በየዕለቱ የሚራመዱ፣ አመጋገባቸውን ያስተካከሉ ሰዎች ወደ በሽታው የመሻገር ዕድላቸው ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን የሚጎዳው የዓመታት ጭነት ነው፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ጭነቱ ሳይከብድ የማራገፊያ ጊዜ ያገኙ ናቸው። ጊዜ ማግኘታቸው ግን የሚጠቅማቸው የተነገራቸውን ስም ከተረዱት ብቻ ነው። ስለዚህ ሐኪም ስም ሲነግራችሁ ሳትጠይቁ ከወንበራችሁ አትነሱ። ይህ በየትኛው ምርመራ የተገኘ ነው? ቁጥሩ ስንት ነው? መስመሩስ የት ነው? መቼ ልመለስ? በሉት። ሐኪምን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። የማያስረዳ ካጋጠማችሁም የሚያስረዳ ፈልጉ እንጂ በራሳችሁ ሚዛን መድኃኒት አትክፈሉ። ወደ ቤት ስትገቡ ደግሞ ለቤተሰባችሁ ንገሩ፤ የቤት ሰው ያወቀውን ፍርሃት ሁለት ሰው ይሸከመዋል።

ባለፈው ሰሞን ጠዋት ክሊኒኩ አጠገብ ሳልፍ ሁለቱንም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ጋሽ ሚዛን ሊመረመሩ የመጡ መስሎኝ ጠጋ አልኩ። ክንዳቸውን አጥፈው ጥጥ የያዙት ግን ባለቤታቸው ነበሩ። ለባላቸው ሲጨነቁ የራሳቸውን ደም አይተውት አያውቁም ነበር፤ ጋሽ ሚዛን ለምነው፣ ተቆጥተው፣ በመጨረሻም «እኔ ብቻዬን አልሄድም» ብለው አምጥተዋቸዋል። የጠዋቱ ውጤት ከባላቸው የመጀመሪያ ቁጥር በጥቂት በልጦ ተገኘ። አሁን ስኳር ውሃውን ጠጥተው ሁለተኛውን እየጠበቁ ነው።

«እኔ?» ይሉ ነበር ሴትዮዋ ወለሉን እያዩ። «ጣፋጭ እንኳ አልወድ። እኔን ከየት አገኘኝ?» ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ጣታቸው ላይ ይጠቀልሉ፣ ይፈቱ፣ እንደገና ይጠቀልሉ ነበር።

ጋሽ ሚዛን ቸኩለው አላጽናኗቸውም፤ ምንም አይደለም አላሉም። ሜትሩን ቀስ ብለው ከእጃቸው ወሰዱና አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«አሁን ገብተሽ ሌላ ስም ይነግሩሽ ይሆናል» አሏቸው። «ሌላ በሽታ እንዳይመስልሽ። ያው አንዱን ነገር በሌላ በር ገብተው አይተውት ነው። የቱ መስመር ጋ እንደደረስሽ ሐኪሟን እንጠይቃታለን። ካልገባሽ እንደገና እንጠይቃታለን። ከዚያ አብረን ወደ ቤት በእግራችን እንሄዳለን።»

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩአቸው። «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንከው?»

«ሐኪምስ አይደለሁም» አሉ ጋሽ ሚዛን። «ካንቺ በፊት የተሳሳትኩ ሰው ነኝ።»

ነርሷ በሩን ከፍታ ባለቤታቸውን ጠራች። ሁለቱም ተነሱ።